የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል

ቀበሌ የሄድኩት በገዛ እግሬ ነው፤ ማንም አልገፋኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወሬው በሰፈራችን በሌላ መልክ ስለሚዞር ነው። አንዳንዱ ኮምፒውተሩን በትከሻዬ ተሸክሜ እንደሄድኩ አድርጎ ያወራል። አልተሸከምኩም። የያዝኩት መታወቂያዬን ብቻ ነው። ኮፍያዬንም አድርጌ ነበር፤ ለመንግሥት ጉዳይ እንዲሁ ራስን ገልጦ አይኬድም።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መሪ ጨብጬ ነው። ከጎንደር ዳባት፣ ከዳባት ደባርቅ፣ ከዚያ ሊማሊሞን ቁልቁል። ግማሹን ዘመኔን በሰው ማኪና ተቀጥሬ፣ ግማሹን በራሴ። ዓይኔ መድከም ሲጀምር ልጄ «አባዬ፣ በቃህ» አለች። እኔ በቃኝ ሳልል ማኪናዋ ተሸጠች። እጄ ግን አብሮ አልተሸጠም፤ ጠዋት የሚያስነሳው፣ ማታ የሚያጠፋው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ከሽያጩ ላይ ቀንሼ ለራሴ ኮምፒውተር ገዛሁ። የሰማ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ስቄያለሁ፤ ችግሩ እኔ የሳቅኩት ከገዛሁት በኋላ መሆኑ ነው።

ልጄ ማራኪ ግቢ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ታስተምራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ እሷን ከጠየቃችሁ ደግሞ እኔ ነኝ ከእሷ ጋር የምኖረው። የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። የእሷ ላፕቶፕ ሲበላሽ በእኔ ኮምፒውተር መሥራት ጀመረች። ደስ አለኝ። ትርፍ ወንበር ካለ ዘመድ ማሳፈር የቆየ ልማዴ ነው።

ጣጣውን ያመጣው ጓደኛዬ ነው። ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ከተማ የሚኖር፣ እንደ እኔው ሊማሊሞ ላይ ያረጀ ሹፌር ነው። የልጁን ሠርግ ቪዲዮ በፍላሽ ሰጠኝ። ፍላሹ ከሠርገኛው ጋር ያልተጠራ ቫይረስ ይዞ ገባ። በማግስቱ ልጄ ኮምፒውተሩን ስትከፍት የተማሪዎቿ ፈተና ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ጠበቃት፤ ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም። ቅዳሜና እሁድን ያንን ስታድን ዋለች። እኔም ልርዳ ብዬ ከጎኗ ቆሜ፣ «ባትሪውን ነቅለሽ ብትመልሺውስ?» እላለሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ፍርዴ እዚያ አስተያየት ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ግን መነጽሬን አላደረግኩም።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሳስነሳ ስክሪኑ ላይ ሁለት ስም ተቀምጧል። ከላይ «አስተዳዳሪ»፣ ከታች «አባባ»። አባባ ከሚለው ጎን ደግሞ የአበባ ሥዕል አለ። አባባና አበባ! ሹፌር ነኝ እኮ፤ ጎማ ብታደርግልኝ ምን ነበረበት? በአበባው ተናድጄ ስለነበር አስተዳዳሪ የሚለውን ልብ አላልኩትም። ማኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ሻንሲው ላይ ቁጥር ተመትቶበት እንደሚመጣ፣ ኮምፒውተርም ከነአስተዳዳሪው የሚመጣ መስሎኝ አለፍኩት።

ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ያ ጓደኛዬ ስልክ ደወለ።

«የት ነህ?»

«ቤቴ ነኛ፣ የት ልሁን?»

«እኔ ጀርመን ነኝ።»

ትኩሳት የያዘው መሰለኝ። ለካስ የማኪና ጨዋታ አግኝቷል። ፀዳ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ኮምፒውተሩ ላይ፣ በአውሮፓ አውራ ጎዳና ተሳቢ ይጎትታል።

«መንገዱ ምንጣፍ ነው! አንዲት ላም እንኳ አልገባችብኝም።»

«ትራፊክ ፖሊስስ?»

«የለም። ስታጠፋ ዝም ብሎ ይቀጣሃል እንጂ የሚጨቀጭቅህ ሰው የለም።»

«ምን ጭነሃል?»

«አይብ።»

«አይብ በተሳቢ?»

«ጀርመን ነው እኮ የምልህ!»

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አልተቀመጥኩም። ማኪናዬ ከተሸጠች ወዲህ መንገድ በሕልሜ ካልሆነ አይቼ አላውቅም፤ በሕልሜም ቢሆን ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ «ቀስ» ትለኛለች። በሚኒባስ ፀዳ ሄጄ ጨዋታውን በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ። ሰካሁት። ተጫንኩት። ስክሪኑ ጨለም አለና በመካከሉ ይህን አወጣ፦ «ይህን ለማድረግ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

ልጄ ለዓይኔ አዝና የኮምፒውተሩን ቋንቋ አማርኛ፣ ፊደሉንም ግድግዳ የሚያህል አድርጋልኛለች። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ እሷን እጠይቅ ነበር። በአማርኛ ግን አስተዳዳሪ ማለት ማን እንደሆነ የሚጠፋው አለ? አጥር ላጥር ስል አስተዳዳሪ ጋ ሄጃለሁ። ድንኳን ልተክል ስል ሄጃለሁ። አሁን ደግሞ የኮምፒውተር ተራ ደርሶ ነው፣ መመሪያ ወጥቶ ይሆናል አልኩና ኮፍያዬን አነሳሁ።

የቀበሌያችን አስተዳዳሪ ወጣት፣ ትሑት ሰው ነው። ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ።

«ምን ልታዘዝ፣ አያ?»

«ፈቃድ ፈልጌ ነው።»

«የግንባታ ነው?»

«የመንዳት።»

«መንጃ ፈቃድ እኛ ጋ አይደለም፣ አያ።»

«መንጃ ፈቃድማ ነበረኝ። ይሄ ጀርመን ውስጥ የምነዳበት ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የውጭ ጉዞ ከሆነ ፓስፖርት ነው የሚያስፈልግዎ።»

«የትም አልሄድም፤ ቤቴ ተቀምጬ ነው የምነዳው። ኮምፒውተሩ የአስተዳዳሪ ፈቃድ አምጣ አለኝ። አስተዳዳሪው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ጸሐፊዋ የወደቀ ነገር እንደምትፈልግ ሰው ከጠረጴዛዋ ሥር ገባች፤ እስክወጣ ድረስም ቀና አላለችም። እሱ ግን አልሳቀም። የቢሮ ሰው ከመሳቁ በፊት ነገሩ ኃላፊነቱ አለመሆኑን ያረጋግጣል። ትንሽ አሰበና፣ «ይሄ ከእኛ በላይ ነው፣ አያ። ክፍለ ከተማ ይሞክሩ» አለኝ።

ክፍለ ከተማ አልገባሁም። በሩ ድረስ ብቻ ነው የሄድኩት፤ ሰልፉን አይቼ ተመለስኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ልጄ ምሳ አቅርባ፣ ዓይኗ በሳቅ ብዛት ቀልቶ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ እውነት ቀበሌ ሄደህ ነው?»

«መሄዱንስ ሄጃለሁ። አስተዳዳሪው ግን ጉዳዩን አያውቀውም።»

«አስተዳዳሪዋ እኮ እኔ ነኝ።»

«የምኑ?»

«የኮምፒውተሩ።»

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። «ማን ሾመሽ?»

«ራሴ።»

«ይሄማ መፈንቅለ መንግሥት ነው!»

ሳቋን ዋጥ አደረገችና አስተማሪነቷ ተነሳባት። «ቤተ ክርስቲያንን አስበው፣ አባዬ። ቅኔ ማኅሌት አለ፣ ቅድስት አለ፣ መቅደስ አለ። ሁሉም ሰው መቅደስ አይገባም። ሰው መናቅ አይደለም፤ መቅደሱን መጠበቅ ነው። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። ሁሉን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም መቅደሱ ነው፤ እዚያ ገብቶ አዲስ ነገር የሚያስገባው አስተዳዳሪው ብቻ ነው።»

«እኔስ የት ነኝ?»

«ቅኔ ማኅሌት።»

«ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራሁት እኔ ሆኜ?»

«ምነው አባዬ፣ አንተ ዕድሜ ልክህን ዛፍ ሥር ቆምክ እንጂ ቅኔ ማኅሌትስ መቼ ገብተህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው። እሁድ እሁድ የምቆመው ከበሩ አጠገብ፣ ዛፉ ሥር ነው። መንገድ ላይ ስሳደብ የኖርኩትን ሳስበው ዛፉም የበዛብኝ ይመስለኛል። ግን ዛፍ ሥር ያቆምኩት ራሴን ራሴ ነኝ። «አንተ እዚያ ቁም» ያለኝ ቄስ የለም። ቢለኝ ኖሮ፣ ጠባዬን አውቀዋለሁ፣ በነጋታው መቅደሱ ደጃፍ ላይ ነበር የምገኘው።

«ቆይ» አልኳት። «ኮምፒውተሩን የምትጠብቂው ከማን ነው?»

ቀስ ብላ፣ «ከአንተ» አለች።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ በቀስታ የሚነገረው ለሕፃን ነው፤ ቢላዋ ሲወስዱበት። ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ሊማሊሞ ላይ የነዳጅ ታንከሬ ተቀድዶ ሲያፈስ ማንን ነበር ያስፈቀድኩት? ኪሴ ውስጥ የነበረውን የልብስ ሳሙና አሽቼ፣ ቀዳዳውን ደፍኜ፣ ገደሉን በቀኝ በኩል እያየሁ ወረድኩ። ማኪና ሲገዛ ኮፈኑ አብሮ ይከፈታል። ኮፈኑን ሌላ ሰው ቆልፎት «ንዳ፣ ውስጡን ግን አትይ» የሚባል ማኪና እኔ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

ለጓደኛዬ ደውዬ ነገርኩት። ያጽናናኛል ብዬ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እኮ ሊብሬውን በስሟ አዛውራብሃለች!»

«የምን ሊብሬ?»

«የኮምፒውተሩን ነዋ። ባለንብረቷ እሷ፣ ሹፌሩ አንተ። እንደገና ተቀጠርክ ማለት ነው! ደሞዝ ተነጋግራችኋል?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ቅጥር ሹፌርነት ምን እንደሆነ እሱም ያውቀዋል። የሰው ማኪና ስትነዳ ባለቤቱ ባይኖርም ከኋላህ ተቀምጧል። ሊብሬ በስሜ የወጣ ቀን፣ ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ በር ላይ ቆሜ፣ ማንም በማይሰማኝ ድምፅ «ከእንግዲህ ብሰብረውም የራሴ ነው» ብዬ ነበር። ያችን ቃል ዳግመኛ ማለት ፈለግኩ። ጨዋታው ሰበብ ነው፤ ነገሩ ይሄ ነው።

የመጀመሪያ ዘመቻዬ የይለፍ ቃሏን መገመት ነበር። ስሟን ሞከርኩ። ክርስትና ስሟን ሞከርኩ። የእናቷን ስም ሞከርኩ። የተሸጠችውን ማኪናዬን ታርጋ ሞከርኩ፤ ይህንንስ ልቤ አዝኖ ነው የሞከርኩት። በመጨረሻ ስክሪኑ «ለጊዜው ተቆልፏል፤ ቆይተው ይሞክሩ» አለኝ። አሁን እውነተኛ አስተዳዳሪ መሰለ።

ሁለተኛው ዘመቻ ሥራ ማቆም ነበር። ኮምፒውተሩን ጋቢ አለበስኩትና ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የድስት ክዳን በሁለት እጄ ይዤ መንዳት ጀመርኩ። ማርሽ ስቀይር በአፌ አጓራለሁ፤ ኩርባ ላይ ስደርስ ጥሩምባ እነፋለሁ። ልጄ ሳሎን ሆና የተማሪዎቿን ወረቀት ታርማለች። ዳገቱን አጋምሼ ሳለሁ፣ «አባዬ፣ ክዳኑን ለወጡ እፈልገዋለሁ» አለች። ሰጠኋት። ማኪና የሌለው ሹፌር ክዳንም እንደማይበረክትለት ያን ቀን ተማርኩ።

በሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት ነው ኪሴን ስዳብስ ያገኘሁት። ኮምፒውተሩ ያለበት ትንሿ ክፍል ቁልፍ አላት፤ ቤቱ ሲሠራ ራሴ ያስገጠምኩት ጥሩ የብረት ቁልፍ። የይለፍ ቃል አያውቅም፤ ቆይተው ይሞክሩ አይልም። ልጄ ለሰኞ ጠዋት የምትሰጠውን ፈተና እያዘጋጀች ነበር፤ ለአፍታ ወደ ደጅ ስትወጣ በሩን ቆለፍኩት። ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩበት፦ «ለመግባት የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል።» ከዚያ ወንበሬን ግቢ አውጥቼ፣ ቁልፉን የሰደርያዬ ኪስ ውስጥ ከትቼ፣ ፀሐይ መሞቅ ጀመርኩ።

መጣች። ወረቀቱን አንብባለች።

«አባዬ፣ ቁልፉን።»

«ማመልከቻ አስገብተሻል?»

«ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ!»

«ይሄ ከእኔ በላይ ነው። ክፍለ ከተማ ሞክሪ።»

ልትስቅ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። ከዚያ የምር ተቆጣች። እናቷ ስትቆጣ እጇን ወገቧ ላይ ታደርግ ነበር፤ ይቺ እጆቿን ታጣምራለች፤ የሚያስፈራው የይቺ ነው።

«እሺ፣ ጨዋታውን አሁኑኑ እጭንልሃለሁ። ወደፊትም የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ፤ መጥቼ ፈቃዱን እሰጥልሃለሁ። በቃ?»

እዚህ ላይ ነው ልወድቅ የነበረው። ጀርመን እየጠራችኝ ነው። እሺ ብል ራት ሳይቀርብ አይቤን ጭኜ መንገድ ላይ ነኝ። ምራቄን ዋጥኩ።

«ጉዞውን አይደለም የምፈልገው። ቁልፉን ነው።»

«ብታበላሸውስ?»

«አበላሸዋለሁ። ከዚያ እጠግነዋለሁ። መጠገን ካቃተኝ ተበላሽቶ ይቀመጣል። የራሴ ነው።»

«የእኔ ሥራስ? የተማሪዎቼ ፈተናስ የአንተ ነው?»

ፀሐይዋን አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ። እውነት ነው፤ ያ ሾርትከት የበላው የእኔን ነገር አልነበረም። እኔ የሠርግ ቪዲዮ አይቼ ተኛሁ፤ ቅዳሜና እሁድን ስትለፋ የዋለችው እሷ ናት። አሸነፍኩ ባልኩበት ሰዓት እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ አልነበረባትም።

ወደ መንገዱ ተመለስኩ፤ ሌላ የማውቀው የለኝማ። ስንት መንገደኛ ጭኛለሁ። አንዱ ሻንጣ ይዞ ይመጣል፣ ሻንጣው ላይ ጓጉንቸር አለ። ክፈት ብዬ አላውቅም። ምን እንደያዘም አልጠየቅኩም። እሱም በበኩሉ፣ ሻንጣዬ እንዳይሰበር ብሎ፣ መሪውን ልያዘው ያለኝ አንድም የለም።

«ሻንጣሽን ቆልፊ» አልኳት። «መሪውን ግን ተይልኝ።»

መጀመሪያ አልገባትም መሰለኝ፤ ቆማ ቀረች። ከዚያ የተጣመሩት እጆቿ ተፈቱ። «የእኔን ፋይሎች በራሴ የይለፍ ቃል ልቆልፋቸው ነው የምትለው? ቅጂያቸውንም ቢሮ ላስቀምጥ?»

«የምታደርጊውን እኔ ምን አውቃለሁ? ሻንጣ ነው ያልኩሽ።»

«እኔስ ምን ልሆን ነው ከዚያ በኋላ?»

«ቅኔ ማኅሌት ምን ጎደላት?»

አሁን ሳቀች። ቁልፉን አወጣሁ፤ ግን እጇ ላይ አላስቀመጥኩትም። ራሴ ሄጄ፣ ራሴ በሩን ከፈትኩ። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ፈተናዋን ጨረሰች፣ ሻንጣዋን ቆለፈች። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችልኝና አባባ የሚለውን ከታች አንስታ ከላይ አስቀመጠችው። «አሁን የራስህን የይለፍ ቃል ጻፍ። ለእኔ አትንገረኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንድ ጣቴን እያነሳሁ ጻፍኩ። እንዲህ አርፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የቆመችው በልጅነቷ ድብብቆሽ ስንጫወት ነበር፤ ያኔም ቢሆን በጣቶቿ መሐል ታይ ነበር። አሁን ግን አላየችም።

የመጀመሪያው የአስተዳደር ውሳኔዬ አበባውን ከእኔ ስም ነቅዬ በእሷ ስም ላይ መትከል ሆነ። ሁለተኛው የጓደኛዬን ፍላሽ ማስመርመር ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ እሷ ቀድማ ሳሎን ሄዳ ነበር። ያው ያልተጠራው እንግዳ ተመልሶ እዚያው ተቀምጧል። አስወጣሁትና ለጓደኛዬ ደወልኩ።

«አይብህ ተበላሽቷል።»

«ምን?»

«ጫንኩ ያልከው ነገር ቫይረስ ነው። ተሳቢህን እጠብ።»

ከዚያ ጨዋታውን ተጫንኩ። ስክሪኑ ጨለም አለ። መቼም ይሄ ኮምፒውተር ወግ አያጣም፤ አስተዳዳሪ ሆኜም ይጠይቀኛል፦ «ፈቃድ ይሰጣሉ?» ጥያቄውን አነበብኩት። አልመለስኩለትም። ተነስቼ ከበሩ ጀርባ ኮፍያዬን አወረድኩ፣ አቧራውን መታሁ፣ አደረግኩት። ወንበሬን ወደፊት ሳብኩ፣ እንደ ድሮው ጀርባዬን አስተካከልኩ። እሱ ይጠብቃል። የቀበሌን አግዳሚ ወንበር እኔም ስጠብቅበት ኖሬ አውቀዋለሁ። ሲበቃኝ «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ።

ማኪናዋ ጉድ ናት። መስታወቷ ያበራል፣ ተሳቢዋ አያልቅም። አስነሳሁ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ከግቢው በር ልወጣ መሪውን ቆረጥኩ፤ ተሳቢው ከኋላዬ እንዳለ ረሳሁት። በሩን፣ አጥሩን፣ አንድ ምሰሶም ጨምሬ ይዤ ሄድኩ። ሊማሊሞ ያልጣለኝን ሰው የአይብ መጋዘን በር ጣለው። የብረት ስብርባሪው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«አባዬ!» አለች ልጄ ከሳሎን። «ምንድን ነው የሰበርከው?»

«የራሴን!» አልኳት፣ ወደ ኋላ ማርሽ እያስገባሁ።